አቶ ገብረየስና ሁለተኛው ክፍል

ዘመድ ወዳጅ፣ ጎረቤት፣ የዕድራችን አባላት፣ ከመሥሪያ ቤታቸው የመጣችሁ ባልደረቦቻቸው፣ ከደብረ ሲና ተነሥታችሁ በላምበረት በኩል የገባችሁ ወገኖቻችን፣ እግዜር ይስጥልን፤ ሌላ ሐዘን አያሰማችሁ። አሳጥራለሁ። እኔ የታክሲ ሰው ነኝ፤ አንድ ቦታ ቆሜ ብዙ ካወራሁ ትራፊክ መጥቶ መንጃ ፈቃዴን የሚቀበለኝ ይመስለኛል።

አረጋዊ እባላለሁ። የሟች የአቶ ገብረየስ ተካልኝ ባለቤት፣ የወይዘሮ ዓለም ታናሽ ወንድም ነኝ። ይህን እንዳነብ ስታዘዝ፣ «ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው የተማረ ሰው ታሪክ እንዴት አነባለሁ?» ብዬ ነበር። የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ ገሰሰ ግን፣ «ገብረየስ ስለ ሥራው ሲያወራ ሳያዛጋ የሚሰማው አንተ ብቻ ነበርክ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደስ እያለኝ ነበር የምሰማቸው። ግማሹ አይገባኝም ነበር፣ ግማሹ ይገባኝ ነበር፤ የገባኝን ነው የምነግራችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር አለ። አቶ ገብረየስንና አማታቸውን፣ ማለትም የኔን እናት ወይዘሮ የሺመቤትን፣ ላለፉት ሁለት ዓመት ተኩል ቅሬታ ለያይቷቸው እንደነበር ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናቴ ይኸው ከፊት ተቀምጠዋል። ከትናንት ጀምሮ «ይቅር ብለው ይሸኟቸው ይሆን?» ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ስለዚህ ነገሩን ዘልዬ ባልፈው ሁላችሁም ጆሯችሁ የሚቀረው እዚያ ነው። አልዘለውም፤ ቦታው ሲደርስ እናገረዋለሁ።

አቶ ገብረየስ ከአባታቸው ከአቶ ተካልኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሶሬቲ በ1935 ዓመተ ምሕረት ደብረ ሲና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጣርማ በርን መንገድ ከሚጠግኑት ሠራተኞች አንዱ ስለነበሩ፣ እሳቸውም ከፊደል ቆጠራ መልስ የሚውሉት መንገድ ዳር ነበር። በዚያ ዘመን ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጭነት መኪና ከቆላው እህልና ጨው ጭኖ ይመጣና ደብረ ሲና ትንሽ አርፎ ወደ ጣርማ በር ዋሻ የሚወስደውን ዳገት ይያያዘዋል። አቶ ገብረየስ ገና በልጅነታቸው መኪናው ሳይነሣ ጎማውን ዞር ዞር ብለው ያዩና፣ «ይሄ ይደርሳል፣ ይሄ አይደርስም» ይሉ ነበር አሉ። አንዱ ሹፌር፣ «ዞር በል ከዚህ፣ ሟርተኛ!» ብሎ ቢያባርራቸው፣ መኪናው ዳገቱ አጋማሽ ላይ ራዲያተሩ ተንተክትኮ ቆመ። ሹፌሩ ውሃ ፍለጋ ተመልሶ ሲመጣ፣ «በምን አወቅህ?» አላቸው። «ጭነቱ በዝቶበት ጎማው በሆዱ ተኝቶ ነበር» አሉት። ይህንን ያጫወቱኝ እሳቸው ራሳቸው ስለሆኑ ትንሽ ጨምረውበት ይሆናል፤ ሒሳብ ላይ እንጂ ጨዋታ ላይ ሲጨምሩ አይፈሩም ነበር።

አንደኛ ደረጃን እዚያው ደብረ ሲና፣ ሁለተኛ ደረጃን ደብረ ብርሃን ተምረው በ1955 አዲስ አበባ መጡ። ቦሌ አየር ማረፊያ ያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር፤ ከዚያ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ተቀጠሩ። መጀመሪያ ሻንጣ መዘኑ፣ ቀጥሎ ጭነት አመዛዘኑ፣ በኋላም ውጭ አገር ተልከው ሠልጥነው ሲመለሱ እስከ መጨረሻው የቆዩበትን ሥራ ያዙ። ሥራው ሲባል ቀላል ነው። ይህ አውሮፕላን፣ ዛሬ፣ በዚህ ሙቀትና በዚህ ነፋስ፣ ስንት ኪሎ ይዞ መነሣት ይችላል? መልሱን በቁጥር ይሰጣሉ። ከቁጥሩ በላይ ያለው ይወርዳል።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ «ጠጋ ጠጋ በሉለት፣ አንድ ሰው ነው» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ታክሲ ላይ ትርፍ ማለት ትርፍ ነው። ስለዚህ እኔና እሳቸው ጋብቻ ዘመድ ባያደርገን ኖሮ ሰላምታም አንለዋወጥም ነበር። ታክሲዬ ውስጥ ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ይቆጥራሉ።

«አረጋዊ፣ አሥራ አራት ሰው ነው የጫንከው።»

«ጋሼ፣ ሁለቱ ቀጫጭን ናቸው።»

«እንግዲያው ቀጫጭኖቹ ይውረዱና ወፍራሞቹ ሰው ሆነው ይቀመጡ።»

ተሳፋሪው ይስቃል፣ ረዳቴ ይናደዳል፣ እሳቸው አይወርዱም፣ እኔም አላወርድም። እንዲህ እየሆንን ከቦሌ መገናኛ እንደርሳለን።

ወደ ጋብቻቸው ልምጣ። በ1964 እህቴን ዓለምን ፈልገው ሽማግሌ ላኩ። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ የሚጠየቁት እናታችን ነበሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኚሁ አቶ ገሰሰ ናቸው። አቶ ገሰሰ ጠንቃቃ ሰው ስለሆኑ፣ የሙሽራው ሥራ ምንድነው ቢባሉ እንዳይሳሳቱ መንገድ ላይ አቶ ገብረየስን ይጠይቋቸዋል። አቶ ገብረየስም፣ «አውሮፕላን ሲነሣ አራት ክፍል አለው። አንደኛው ብዙ አያስቸግርም፣ ሦስተኛውና አራተኛውም እንደምንም ይታለፋል፤ እኔን የሚያለፋኝ ሁለተኛው ክፍል ነው» ይሏቸዋል። አቶ ገሰሰ የያዙት የመጨረሻዋን ነው።

ቤታችን ገብተው ከተቀመጡ በኋላ፣ እኔና ዓለም ከጓዳ መጋረጃ ጀርባ ሆነን እየሰማን፣ አቶ ገሰሰ ጉሮሯቸውን ጠራርገው እንዲህ አሉ፦ «ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው፣ ክፉ አመል የለውም። ሁለተኛ ክፍል ትንሽ ከብዶታል እንጂ።»

እናቴ «ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ።

«ሃያ ዘጠኝ።»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ክፍል? የኔ ልጅ እኮ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች!»

«ይጥራል፣ ወይዘሮ የሺመቤት። በየቀኑ ነው የሚሠራው።»

«ይጣርና፣ ሲያልፍ ይምጣ።»

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ዓለም ከመጋረጃው ጀርባ ትሳቅ ታልቅስ ግራ ገባት። ማታውን፣ «እማዬ፣ የትምህርት ክፍል አይደለም፣ የአውሮፕላን ነው» ብትላቸው፣ «አውሮፕላንም ይማራል እንዴ?» አሏት። በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ነገሩን በሚገባ አጥንተው መጡና እናቴ እሺ አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን አማቻቸውን በስማቸው ጠርተው አያውቁም። «ሁለተኛ ክፍል መጣ?» «ሁለተኛ ክፍል ምሳውን በላ?» «ለሁለተኛ ክፍል ጋቢ አልብሱት፣ ይበርደዋል።» አቶ ገብረየስም «አቤት እማዬ» ብለው ነበር የሚመልሱት። አማትና አማች እንዲህ ሲዋደዱ እኔ በበኩሌ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ከወይዘሮ ዓለም ጋር ሀይሚንና ኢዩን ወለዱ። ቤታቸው ገርጂ፣ አውሮፕላኑ ተነሥቶ በሚያልፍበት ሥር ነው። ገበታ ላይ ሆነው የአውሮፕላን ድምፅ ሲመጣ እጃቸውን ከትሪው ላይ አንሥተው በመስኮት ያያሉ። «እግሩን አስገባ» ይላሉ። ትንሽ ይጠብቃሉ። «በቃ፣ አለፈ» ይሉና የጠቀለሉትን ይጎርሳሉ። ልጆቹ ስለለመዱት ምንም አይመስላቸውም። እንግዳ ግን ጸሎት ነው ብሎ አብሮ እጁን ያነሣል።

ያ ሁለተኛ ክፍል የሚባለው ነገር በደንብ የገባኝ በ1985 አንድ እሑድ እንድሪስ ሱቅ ውስጥ ነው። እንድሪስ የወሎው ባለሱቅ ጎረቤታችን ነው፤ ይኸው እዚህ ቆሟል። «ጋሽ ገብረየስ፣ ወላሂ እስኪ ዛሬ አስረዱኝ፣ ምንድነው እሱ?» አላቸው። አቶ ገብረየስ ከመደርደሪያው አንድ የልብስ ሳሙና አወረዱና ባንኮኒው ጫፍ ላይ አስቀመጡት።

«ይሄ አውሮፕላን ነው። ባንኮኒው ሜዳው ነው።»

«እሺ፣ ግን አውሮፕላኑን እንዳይሰብሩብኝ» አለ እንድሪስ።

ሳሙናውን እየገፉ ከባንኮኒው አጋማሽ አለፍ ብሎ ወደተቀመጠው የብስኩት ካርቶን ወሰዱት። «እዚህ ሳይደርስ አንዱ ሞተር ቢቆም አብራሪው ፍሬን ይይዛል፤ ሜዳው ይበቃዋል። ካርቶኑን ካለፈ በኋላ ቢቆም ግን ፍሬን መያዝ የለም፤ ሜዳው አልቆበታል። በቀረው ሞተር መነሣት ብቻ ነው።» ከዚያ ሳሙናውን ከባንኮኒው ላይ አነሡት። «ከተነሣ ጀምሮ እግሩን ሰብስቦ እስኪያስገባ አንደኛው ክፍል ነው። እግሩ ከገባ በኋላ አራት መቶ ጫማ ከፍታ እስኪይዝ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ላይ ሽቅብ መውጣቱን ተወት ያደርግና ደልደል ብሎ ፍጥነት ያነሣል፣ ለመነሻ ብሎ ከክንፉ ላይ የዘረጋውንም ያጥፋል። አራተኛው እስከ ሺህ አምስት መቶ ጫማ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የሌላ ሰው ራስ ምታት ነው።»

«ሁለተኛው ምን ስላለበት ነው የከበደው?» አልኳቸው።

«የተዘረጋው ገና አልታጠፈም። ያነሣዋል፣ ግን ይጎትተዋል። ሞተሩ አንድ ቀርቷል። መሬቱ ከሥሩ ነው። እንዲያም ሆኖ መቶ ሜትር ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ሁለት ሜትር ከአርባ ሽቅብ መውጣት አለበት። ባለ ሁለት ሞተር ከሆነ ሕጉ ይሄ ነው።»

«ሁለት ሜትር?» አለ እንድሪስ። «ይቺማ የሱቄ በር ናት።»

«የኛ አገር ላይ እሷም ትከብዳለች። አየሩ ስስ ነዋ።»

«አየርም ይሳሳል?»

«ከፍታ ላይ ይሳሳል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይብስ ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ገና መሬት ላይ ቆሞ ተራራ ላይ ነው ያለው። ሞተሩም ክንፉም የሚይዘው ነገር ያጣል።»

እንድሪስ ትንሽ አሰበና፣ «እንዲህ በሉኛ! ውሃ የገባበት ወተት ነው!» አለ። አቶ ገብረየስ ሳሙናውን እንደያዙ እስኪያነቡ ሳቁ። በኋላ እንደሰማሁት አዲስ ሠራተኛ ሲያስተምሩ ይቺን የእንድሪስን ወተት ይጠቀሙባት ነበር።

እኔን ግን አንድ ነገር አልለቅ አለኝ። «ጋሼ፣ ለመሆኑ እርስዎ ባሰሉት ላይ ሞተር ስንት ጊዜ ቆመ?»

«አንድም ቀን።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ለምን?»

«ከቆመ በኋላ ማስላት አይቻልማ፣ አረጋዊ።»

ይህንን ነገር ስንት ቀን ስነዳ አስቤዋለሁ። እኔ ፍሬን ይዤ አንድ ሰው ባድን ሰውየው ራሱ ቆሞ ያመሰግነኛል። እሳቸው የሚያድኑት ሰው ግን መዳኑን አያውቅም። አውሮፕላኑ ይነሣል፣ ሁለቱም ሞተር ይሠራል፤ የወረደውም ሰው ቀና ብሎ አይቶ፣ «ይኸው ሄደ እኮ፣ ምን ሆነ?» ይላል። በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ የሚገኘው ወቀሳ ብቻ ነው። እንዴት እንደቻሉት አላውቅም።

አሁን ያ ነገር ላይ ደረስኩ። በ1987 መጋቢት ላይ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት እማሆይ አመተ ማርያም ኢየሩሳሌም ነበር የሚኖሩት። በጠና ታመው «የሺመቤትን አምጡልኝ» እያሉ መሆኑን የሚናገር ሰው መጣ። አቶ ገብረየስ ሮጥ ሮጥ ብለው ለእናቴ የሠራተኛ ቤተሰብ ትኬት አወጡላቸው። ትኬቱ እንዲህ ነው፤ ቦታ ካለ፣ ክብደቱም ከበቃ ይሄዳል። ካልበቃ ከሁሉ በፊት የሚወርደው እሱ ነው። ሌላ ትኬት በዚያን ሰሞን በምንም አይገኝም፤ ተሳላሚው ሁሉ ለፋሲካ የሚጓዝበት ወር ነው።

በረራው የማለዳ ነበር። እናቴን በታክሲዬ አደረስኩ። ለእህታቸው ጧፍና በሶ ይዘዋል። ማለዳ ላይ ሒሳቡ ደህና ነበር፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱም ከፊት ይነፍሳል፣ ሁሉም ሰው ይሄዳል። አውሮፕላኑ ግን ከነበረበት አገር በጉም ምክንያት ዘግይቶ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ደረሰ። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋን ታውቋታላችሁ። ሙቀቱ ወጣ፣ ነፋሱ ሞተ። አቶ ገብረየስ እንደገና አሰሉ። አንደኛው ይበቃል፣ ሦስተኛው ይበቃል፣ አራተኛው ይበቃል፤ ሁለተኛው አልበቃም። የዕቃው ጭነት ወረደ፤ አሁንም አልበቃም። ከዚያ በኋላ ያለው ሰው ነው።

የሚያስጭነው ባልደረባቸው፣ «ጋሽ ገብረየስ፣ የሁለት ዲግሪ ነገር እኮ ነው፣ እንለፈው» ብሏቸው ነበር አሉ። «አንተ ውጣና አየሩን እንዲበርድ ለምንልኝ፤ እኔ ወዲያው አስተካክላለሁ» አሉት።

መጀመሪያ ከወረዱት ሰዎች አንዷ እናቴ ናቸው። እኔ ሲሄዱ ልያቸው ብዬ ከመኪና ማቆሚያው አልወጣሁም ነበር፤ ጧፋቸውን እንዳቀፉ ሲመለሱ አየኋቸው። ወደ እኔ መጡ፣ ታክሲው ውስጥ ገቡ፣ ግን «ንዳ» አላሉኝም። ቁጭ ብለን አውሮፕላኑ ሲነሣ አየን። ሁለቱም ሞተር እየሠራ፣ ገርጂን አልፎ፣ የረርን በስተቀኙ ትቶ ሄደ። እናቴ፣ «ይኸው ሄደ። ምን ሆነ?» አሉ። ከዚያ «ንዳ» አሉኝ።

በሚቀጥለው በረራ ሄዱ። ሲደርሱ እማሆይ ተቀብረዋል።

እናቴ ሲመለሱ ተጣልተው ቢሆን ይሻለን ነበር። ጠብን ሽማግሌ ያበርደዋል። እናቴ አልተጣሉም። በዓል ሲሆን ይመጣሉ፣ ልጆቹን ይስማሉ፣ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ይቀመጣሉ፣ እህል አይቀምሱም፣ ይሄዳሉ። «ሁለተኛ ክፍል» ማለትም ቀረ። «አቶ ገብረየስ ደህና ናቸው?» ብለው እኔን ይጠይቁኛል፤ ሰውየው እኮ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ዓለም በእናቷና በባሏ መካከል ስንት ጊዜ እንዳለቀሰች እኔ አውቃለሁ። «እማዬ፣ እሱ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ማን እንደሚወርድ አያውቅም» ትላቸዋለች። አቶ ገሰሰም ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ይዘው መጥተው ይህንኑ ነው የተናገሩት፤ «አላወቀም፣ ቢያውቅ ኖሮ መች ያደርገው ነበር!» ሁላችንም ይህንን እንል ነበር። እኛ ይህንን ስንል አቶ ገብረየስ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። እናቴም ያንን የተደፋ አንገት ያያሉ።

አምና ክረምት ላይ አቶ ገብረየስን ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ጨጓራ ነው ተብሎ ነበር፤ አልነበረም። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። በመጨረሻ ቤታቸው እንዲያርፉ ተባለ። እሳቸውም አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አዙሩልኝ አሉ። ድምፁ ሲመጣ አሁንም ያያሉ፣ አሁንም «እግሩን አስገባ» ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀጥኖ ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በፊት እናቴ መጡ። በሩ አጠገብ አልተቀመጡም። ወንበሩን ራሳቸው አንሥተው አልጋው ዘንድ ወሰዱት። እኔም ዓለምም እዚያው ነበርን።

«ያንን ሁለተኛ ክፍልህን አስረዳኝ» አሏቸው። «ይሄን ሁሉ ዘመን ስቀልድበት ምን እንደሆነ አላውቀውም።»

አቶ ገብረየስ አንድ እጃቸውን ሜዳ፣ አንድ እጃቸውን አውሮፕላን አድርገው ቀስ እያሉ አስረዱ። እጃቸው ሲደክም ሜዳውን እኔ ያዝኩላቸው። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ሞተሩ ያን ቀን ቆመ?»

«አልቆመም፣ እማዬ።»

«ሊቆም ነበር?»

«አላውቅም። አይመስለኝም።»

«ታዲያ አንተ በየቀኑ ይቆማል እያልክ ነው የምትሠራው?»

«በየቀኑ።»

እናቴ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ሲያሹ ቆዩ። «መጀመሪያ ከሚወርዱት አንዷ እኔ እንደሆንኩ ታውቅ ነበር?»

ዓለም፣ «እማዬ፣ አላወቀም አልንሽ እኮ!» ብላ ገባች። አቶ ገብረየስ እጃቸውን አንሥተው ዝም አስባሏት።

«አውቅ ነበር። ትኬቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩን የጻፍኩት በመስኮት እርስዎን እያየሁ ነው፤ ጧፉን አቅፈው ቆመው ነበር።»

«እህቴ እየጠራችኝ እንደነበረም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እኔ በበኩሌ ተነሥቼ መውጣት ነበር የፈለግሁት። እናቴ ግን ያልጠበቅሁትን ጠየቁ። «እዚያ ውስጥ የቀሩት ስንት ነበሩ?»

«ከመቶ በላይ።»

«ሕፃን ነበረ?»

«ነበረ። የታቀፈ።»

እናቴ ወደ ዓለም ዞሩ። «ዓለም፣ እዚህ ቤት ምሳ የለም እንዴ?»

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ እዚያ ቤት እህል ቀመሱ። አልጋው አጠገብ ነው የበሉት። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላሉም። አቶ ገብረየስም አልጠየቁም። ሲወጡ፣ «ሁለተኛ ክፍል፣ ነገ እመጣለሁ» አሉ። መጡም፤ እስከ መጨረሻው በየቀኑ መጡ። ብዙውን ጊዜ ሳያወሩ አብረው በመስኮት ያያሉ። አንድ ቀን ስገባ እናቴ ናቸው «እግሩን አስገባ» ያሉት፤ አቶ ገብረየስ «የለም፣ ገና ነው» ብለው አረሟቸው።

አቶ ገብረየስ ተካልኝ በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ትናንት ኅዳር 9 ቀን 1990 ዓመተ ምሕረት ቤታቸው ውስጥ ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለም፣ ልጆቻቸው ሀይሚና ኢዩ፣ አማታቸው ወይዘሮ የሺመቤት፣ ደብረ ሲና ያሉት ወንድሞቻቸውና እህታቸው፣ ብዙ ባልደረቦቻቸው፣ ሳሙናውን እስካሁን ያልሸጠው እንድሪስ፣ እኔም ጭምር ቀርተናል። ደግሞም ስማቸውን የማያውቅ ብዙ ሰው ቀርቷል፤ ከቦሌ ተነሥቶ የሄደ፣ ሄዶም የተመለሰ፣ ዛሬ እዚህ መምጣት እንዳለበት የማያውቅ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመዝኑ የኖሩትን ሰው እግዚአብሔር ሳይመዝን በምሕረቱ ይቀበልልን። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ለዓለምና ለልጆቹ መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።

ልጨርስ ነው። ዛሬ ጠዋት ቤት ላልነበራችሁ ይቺን ብቻ ልንገራችሁ። አስከሬኑ ከመውጣቱ በፊት አቶ ገሰሰ እንደ ወጉ ሰው ሁሉ እየሰማ ወደ እናቴ ዞሩና፣ «ወይዘሮ የሺመቤት፣ እንግዲህ ሊሄድ ነው፤ ይቅር ብዬሃለሁ ይበሉትና በሰላም ይውጣ» አሏቸው። ዓለም ልቅሶዋን አቆመች። እናቴ አቶ ገሰሰን ከላይ እስከ ታች አዩአቸውና እንዲህ አሉ፦

«ምን አጠፋና ነው ይቅር የምለው?»